ከኋላዬ ለምትራመጂው እናቴ

እማዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየሽን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ ሰው ስምሽን መጥራት እየተወ መጣ፤ እኔም ከሰው ጋር አብሬ ተውኩ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ብቻ አይደለም። ሁለት ጊዜ በድዬሻለሁ፤ አንዱን በሕይወት እያለሽ፣ ሌላውን ከሞትሽ በኋላ። መቃብርሽ ፊት ስቆም ቃል ይጠፋብኛል። በወረቀት ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አባዬ ደህና ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መሪ መጨበጥ የለመደ እጁ ሥራ አጥቶ፣ የግቢውን በር ማጠፊያ ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል። እኔና ዮናስ ከተጋባን በኋላ ብቻውን እንዳይሆን ብለን ከእሱ ጋር ገባን። ሠርጉ ያላንቺ እንዴት እንደነበር አልነግርሽም። በራችን ፊት የነበረው ጭቃ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ክረምት ሲመጣ ቦት ጫማ ከጎረቤት መዋስ ቀረ። አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ያለው የስፌት ሱቄ እንዳለ ነው፤ አሁን ሁለት ማሽን ሆኗል። አንቺ የተኛሽበት ክፍል ውስጥ ግን ጨርቅ ነው ያስቀመጥኩበት፤ እዚያ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ጠፋ። ዮናስ ሁለት ቀን ሞክሮ፣ ምክንያቱን ሳይነግረኝ ትራሱን ይዞ ወጣ።

ደግሞም አርግዣለሁ። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ይህን በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ነበረብኝ። ግን እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ሳልነግርሽ ደስታውን ብቻ ብነግርሽ፣ እንደገና የዋሸሁሽ ይመስለኛል።

የዛሬ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ነው። ከተጋባን ዓመት ሞልቶን ልጅ አልመጣም ነበር። አማቴ እማማ አሰለፈች፣ የዮናስ እናት፣ «ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ይጠቅማል፤ ታዪ እንጂ» ብለው እጄን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ካርድ የምትሞላው ነርስ ሲስተር ትርሲት ትባላለች። ከኔ በዕድሜ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ሠላሳ አንድ አልኳት። ሚዛን ላይ አወጣችኝ፤ ሰማንያ ሰባት ኪሎ። ቀኑን እንዴት እንደምውል ጠየቀችኝ፤ ማሽን ላይ ተቀምጬ አልኳት። ከዚያ አንገቷን ሳታቀና፣ «ከቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ።

«እናትሽስ?»

«እናቴ በግፊት ነው ያረፈችው።»

እማማ አሰለፈች ጎኔ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አስተካከሉ እንጂ ቃል አልተነፈሱም። ነርሷ ያልኩትን ጻፈች።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ለቀብርሽ የመጣውን ሰው ሁሉ «ግፊቷ ተነሥቶባት ነው» ብለን የሸኘነው እኛው ነን። ያኔ አንቺን ከሰው አፍ የጠበቅን መስሎን ነበር። አማቴ «ዘሩ ያለበት ቤት ነው ልጄ የገባው» እንዳይሉ ፈርቼ ይሆናል። እዚያ ወንበር ላይ የተናገርኩት ግን አንቺን ለመጠበቅ እንዳልነበረ ገና ከአፌ ሳይወጣ አውቄዋለሁ። ያ ሁሉ መርፌ፣ ያ ሁሉ የቁስል እጥበት፣ ዓይንሽ እየደከመ የመጣበት ያ ሁሉ ጊዜ፣ በአንድ ቃል እንዳልነበረ አደረግኩት።

ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ረዳቶቹ «አስኮ፣ አስኮ» እያሉ ሲጣሩ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ከኋላዬ ሰማሁሽ። ጠብ፣ ሽርር። ጠብ፣ ሽርር።

ያንን አረማመድ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ከቀኝ እግርሽ ሁለት ጣት ከተቆረጠ ወዲህ የአባዬን ሰፊ ነጠላ ጫማ ነበር የምታደርጊው። ግራውን ታሳርፊያለሽ፣ ቀኙን ትጎትቺያለሽ። ዘወር ስል ሰልፍ የያዘ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። አማቴ «ምነው?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየሽኝም። ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ሳቆም ከመጋረጃው ጀርባ ትሄጃለሽ። ባኞ ቤት ቧንቧውን ስዘጋ በኮሪደሩ ታልፊያለሽ። ለደንበኞች ያቆምኩት ትልቅ መስታወት ላይ ዓይኔ ድንገት ሲያርፍ የማየው አንቺን ነው፤ ወገብሽን፣ አገጭሽ ሥር ያለውን ሥጋ፣ ከወንበር ስትነሺ ጉልበትሽን የምትይዢበትን አያያዝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አነሣሤ ግን የስልሳ ዓመቷ የአንቺ ነበር።

የመጀመሪያውን በደሌን አንቺም አትረሺውም። የመጨረሻዋ እሑድ ነበረች። አልጋሽ ላይ ተደግፈሽ፣ ከንፈርሽ ደርቆ፣ «ሰብልዬ፣ አንድ ጉንጭ ለስላሳ፣ ብርቱካኑን» አልሽኝ። ያኔ እኔ ልጅሽ መሆኔ ቀርቶ ጠባቂሽ ሆኜ ነበር። ስኳሩን ከማሽኔ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ ትራስሽ ሥር ብስኩት ስፈልግ፣ ጎረቤት ምን እንዳበላሽ ስመረምር የምውል ሰው ነበርኩ። ደክሞኝም ነበር፤ ይህ ግን ሰበብ አይሆነኝም። «አይሆንም» ብልሽ ይበቃ ነበር። እኔ ግን፣ «ይሄን ሁሉ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። ተጠንቅቀሽ ቢሆን ኖሮ እዚህ አትደርሺም ነበር» አልኩሽ።  ቀስ ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ሐሙስ ዕለት ሞትሽ።

በመሐል አራት ቀን ነበረኝ። ይቅርታ የሚጠየቅበት አራት ሙሉ ቀን። ቁስልሽን አጠብኩ፣ አንሶላሽን ቀየርኩ፣ እግርሽን አሸሁ፤ ያችን አንድ ቃል ግን አላልኳትም።

እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። ሲስተር ትርሲት ካርዴን ስትፈልግ፣ «ባለፈው ዋሽቼሻለሁ። እናቴ በስኳር ነው የሞተችው» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ወንበሩን ሳበችልኝና የጻፈችውን ሰርዛ ከበላዩ አዲስ ጻፈች። «ብዙ ሰው እንዳንቺ ነው» አለችኝ። «አሁን ሌላ ልጠይቅሽ። እናትሽ ነፍሰ ጡር ሳለች ስኳር ተገኝቶባት ያውቃል?»

አላውቅም አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

«በጣም ትልቅ ሕፃን ወልዳ ታውቃለች?»

ያኔ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎረቤቶች «እንዲህ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም፣ የሦስት ወር ልጅ ያህላል» ሲሉ አስታውሳለሁ። በሁለተኛው ቀን ሞተ። ዓይን በላው ተባለ። ያልተሸፈነ ልጅ ያሳየ ማነው ተብሎ ሰፈሩ ተናከሰ። አንቺ ስለ እሱ አንድም ቀን አውርተሽልኝ አታውቂም። ይህን ስነግራት ሲስተር ትርሲት ሰማችኝና፣ «አባትሽ ካሉ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በባዶ ሆዴ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ በሽታ አልነበረም፤ ደህናም አልነበረም። «ድንበሩ ላይ ቆመሻል» አለችኝ። ሴት ስታረግዝ ሰውነቷ ስኳሩን ለመቆጣጠር ከወትሮው የበለጠ እንደሚደክም፣ አስቀድሞ የደከመ ሰውነት ያኔ ሊያቅተው እንደሚችል አስረዳችኝ። ለእናቲቱም ለልጁም አደጋ አለው፤ ልጁ ከልክ በላይ ሊያድግ፣ ሲወለድም ሊቸገር ይችላል። «ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው፣ ከመፀነስሽ በፊት። ከሆነ በኋላ የሚደረግ አለ፤ አሁን የሚደረገው ግን ይበልጣል። ክብደትሽን ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ተራመጂ። ለስላሳውን ተይው።» እርግጠኛ እንድትሆንልኝ ፈልጌ፣ «ይሄን ሁሉ ካደረግኩ አይዘኝም?» አልኳት። «ዋስትና አልሰጥሽም፣ የኔ እህት። ዕድሉን ግን ትቀንሺዋለሽ» አለችኝ።

ለዮናስ ነገርኩት። ልጅ በጣም ይፈልግ እንደነበር ታውቂያለሽ። ጥቂት ወራት እንጠብቅ ስለው ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ማሰሪያውን ይዞ ቀረ። ከዚያ፣ «አንቺን አጥቼ ልጅ ምን ያደርግልኛል? እንጠብቃለን» አለኝ። ለእናቱ ግን እንዳይነግር አስማልኩት።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣት ጀመርኩ። ከቤት ተነሥቼ ማዞሪያውን አልፌ በአስኮ መንገድ ሽቅብ። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ በሬ ነበር የማለከልከው። ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ ወገቤን ይዤ እቆም ነበር። ደግሞም ብቻዬን አልነበርኩም። መንገዱ ጭር ሲል ከኋላዬ ትመጪያለሽ፤ ጠብ፣ ሽርር። ስፈጥን ትፈጥኛለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እማዬ፣ ያኔ የሚያስሮጠኝ የነርሷ ምክር አልነበረም። እንዳትደርሺብኝ ነበር የምሸሸው። ብትደርሺብኝ ያቺን እሑድ የምታነሺብኝ ይመስለኝ ነበር።

ሻዬ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የምጨምረው። ሁለት አደረግኩት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ባዶውን መጠጣት ለመድኩ፤ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት መድኃኒት ይለኝ ነበር። ከሰዓት ላይ ከሱቄ ማዶ ካለው ኪዮስክ የማስመጣውን ለስላሳ ተውኩ። ምሳዬ ፓስታ በዳቦ ነበር፤ እሱን ትቼ ከቤት ጎመንና ምስር ቋጥሬ እሄድ ጀመር። እንጀራውን አልተውኩም፤ ሁለቱን አንድ አደረግኩት። የጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማግበስበሱን ነገር ሲስተር ትርሲት አጥብቃ ነግራኝ ነበርና እሱንም አስተካከልኩ። አንድ ቀሚስ በጠለፍኩ ቁጥር ከማሽኑ ተነሥቼ ሱቋን እዞራታለሁ። ሁልጊዜ አልበረታሁም። የቁልቢ ገብርኤል ዕለት ከባልንጀራዬ ቤት ሦስት ቁራጭ ኬክ በልቼ፣ ቤት ስደርስ አንቺ በተኛሽበት ክፍል ጨርቁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግሥቱ ደግሞ ወጣሁ።

ሰው ግን ሰው ነው። ስወፍር ያላየኝ ሁሉ ስከሳ አየኝ። «ሰብለ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?» የማይለኝ ደንበኛ ጠፋ። አንዷማ ልኬቷን እየወሰድኩ፣ «ባልሽ ይመታሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። ወሬው እማማ አሰለፈች ጋ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ በቅቤ የራሰ ገንፎ በትልቅ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ማር ፈስሶበት፣ በፎጣ ሸፍነው ይዘው መጡ። «የከሳ ማሕፀን ልጅ አይዝም፤ ብዪ» ብለው ፊቴ አስቀመጡት። ዮናስ አየኝ። እኔ ማንኪያውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኳቸው። «እናቴ በስኳር ነው የሞተችው። ያን ቀን ጤና ጣቢያ ዋሽቻለሁ። እኔም ድንበሩ ላይ ነኝ ብለውኛል። የምከሳው ልጁን በደህና እንድይዘው ነው።»

እማማ አሰለፈች ፎጣውን አጣጠፉ። ደግመው አጣጠፉት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለሽምግልና ቤታችሁ የመጣን ቀን የእናትሽን እግር አይቼዋለሁ። ጨርቅ ጣል አድርጋበት ነበር፤ ሽታውን ግን ጨርቅ አይሸፍነውም። የኔም ወንድም እንደዚያ ሆኖ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ እናትሽን ስትሸሽጊ እኔ ላውጣት? መቼ እንደምትመልሺያት ልይ ብዬ ነበር።»

ገንፎውን ዮናስና አባዬ በሉት። እሳቸው ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጡት ጎመን ይዘው ነው።

አባዬን ግን ገና አልጠየቅኩትም ነበር። በየማለዳው ስወጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። ስመለስም እዚያው ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ቁጣ ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ ደፍሬ፣ «አባዬ፣ እማዬ ወንድሜን ስታረግዝ ስኳር ነበረባት?» አልኩት።  የበሩን ማጠፊያ መፍታት ጀመረ። ሳምንት ሙሉ ከኔ ጋር አላወራም። በስምንተኛው ቀን ላብ ላብ እያለኝ ስገባ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ «እናትሽም እንዲህ ትሄድ ነበር» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሬት መሬቱን እያየ ነው የነገረኝ። በስድስተኛው ወርሽ ስኳር ተገኘብሽ። ልጁ ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ብዙ ተጎዳ፤ ዓይን አልነበረም የበላው። ከዚያ ሐኪሙ ሁለታችሁን አስቀምጦ፣ ይህ ስኳር ለጊዜው ቢጠፋም ሊመለስ እንደሚችል፣ በእግርሽ እንድትሄጂ፣ በየዓመቱ እንድትመረመሪ፣ ሌላ ልጅ ካሰብሽም ቀድመሽ እንድትመጪ ነገራችሁ።

«አርባ ቀኗ ሳይሞላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በየማለዳው መውጣት ጀመረች» አለኝ አባዬ። «እስከ አስኮ ድረስ ሄዳ ትመለስ ነበር። ስኳር የምትለውንም ነገር ተወች። አራት ወር ያህል እንዲያ አለች። ሰፈሩ አወራ። ልጇ ሞቶባት ጎዳና ለጎዳና ትዞራለች፣ አእምሮዋን ነክቷታል አሉ። መናኸሪያ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንድ ቀን ይሄን በር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ሰው አታስቂብኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተቀመጪ አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ተቀመጠች» አለኝ።

እማዬ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማኝ እንዴት ልጻፍልሽ። ተጠንቅቀሽ ነበር። ከኔ በፊት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ጡትሽ ወተት እያፈሰሰ፣ የሚጠባው ልጅ ሳይኖር ሄደሻል። እኔ ደግሞ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አልጋሽ አጠገብ ቆሜ «ራስሽ ነሽ ያመጣሽው» አልኩሽ። ልትመልሺልኝ ትችይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃሽ ነበር፤ አባትሽን ጠይቂው ማለት ብቻ። ፊትሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሽው ተቀይመሽኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት። አሁን ግን አንቺ ስትሄጂ የሚቀረኝ እሱ ብቻ እንደሆነ አስበሽ፣ አባቴን እንዳልጠላው ብለሽ ዝም ያልሽ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አባዬን ዐሥራ አንድ ቀን አላናገርኩትም። ምግቡን አቀርባለሁ፣ እወጣለሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ማለዳ ስነሣ ጫማውን አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆሟል። «እስከ ማዞሪያው ልሸኝሽ» አለኝ። አብረን ወጣን። ጉልበቱ እያመመው ነው የሄደው። ማዞሪያው ጋ ስንደርስ ሕዝቡ ወደ ታክሲው ይጋፋል። አባዬ ወደ አስኮ መንገድ አሻቅቦ ሲያይ ቆየና፣ «በስተግራ በኩል ነበር የምትሄደው» ብሎኝ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ አልሸሸሁሽም። ድምፅሽን ስሰማ ቀስ እላለሁ። አልፎ አልፎ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ያኔ አንቺም ትቆሚያለሽ። አንድም ቀን ጎኔ ደርሰሽ አታውቂም። ዮናስ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሁሉ አንቺ እንዳልሆንሽ ሊያስረዳኝ ይሞክራል። እሰማዋለሁ፣ አልከራከረውም።

በስምንት ወር ዐሥራ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ደሜ ሲታይ ከድንበሩ ወደ ደህናው ወገን ተመልሷል። ሲስተር ትርሲት ካርዱን ዘግታ፣ «አሁን መሞከር ትችላላችሁ» አለችን። ብዙም አልቆየ፤ በሁለተኛው ወር ላይ ፀነስኩ። ሲነግሩኝ የደስታዬን ያህል ፈራሁ። ልጄ ባደገ ቁጥር፣ ሆዴ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ወንድሜን አስባለሁ። ሰው «ደስ ሲል፣ ትልቅ ልጅ ነው» ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ያለፈው ሰኞ የስድስተኛው ወር ምርመራ ነበር፤ ስኳሩ አንቺ ላይ የተገኘበት ያ ምርመራ። በባዶ ሆዴ ሄድኩ። ደም ወሰዱና በብርጭቆ ሙሉ የተበጠበጠ ስኳር ሰጡኝ፤ በአንድ ጊዜ ጠጥተሽ ጨርሺ ተባልኩ። አፌ ላይ ሳደርሰው መጠጣት አቃተኝ። አንቺ አንድ ጉንጭ ለምነሽኝ የከለከልኩሽ እኔ ሙሉ ብርጭቆ በትእዛዝ ልጠጣ። ነርሷ አስጠልቶኝ መስሏት፣ «አይዞሽ፣ አፍንጫሽን ያዢና ዋጪው» አለችኝ። እንባዬና ያ ጣፋጭ ውሃ አንድ ላይ ወረዱ።

ሁለት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። በየሰዓቱ ደም ይወስዳሉ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ ሰው ሲበዛ እንኳ ማንም አልተቀመጠበትም። አላዞርኩም ፊቴን። እዚያው እንደተቀመጥኩ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ያችን ከሦስት ዓመት በፊት ያስቀረኋትን ቃል አልኩሽ። ይቅር በይኝ አልኩሽ። መልስ አልሰማሁም። ልጄ ግን ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ።

ሲስተር ትርሲት ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አላስነበበችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደህና ነሽ፣ ሰብለ» አለችኝ። «ሦስቱም ደህና ናቸው። ክትትሉ ይቀጥላል፣ እርምጃውም ይቀጥላል። ዛሬ ግን ደህና ነሽ።»

ቤት ስገባ ለአባዬ ነገርኩት። ወደ ጓዳ ገባና ለረጅም ጊዜ አልወጣም። ውሃ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከውሃው ሥር የለቅሶው ድምፅ ነበረ።

እማዬ፣ ገና አልወለድኩም። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አላውቅም፤ ነርሷም አታውቀውም። ልጄ በሰላም ከመጣ ግን ወንድሜን ዓይን እንዳልበላው፣ አንቺም ቸልተኛ እንዳልነበርሽ፣ የምታውቂውን እንዳትሠሪ በር እንደተዘጋብሽ ሳልሸፍን እነግረዋለሁ። ሰው ስለ አሟሟትሽ ሲጠይቀኝ በሽታሽን በስሙ እጠራዋለሁ። ከወለድኩ በኋላም ደሜን በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ በልቤ ስምሽን ጠርቼ «ወርቅነሽ» እላለሁ። ዕድሜ ሌላውን ነገርሽን ሁሉ ከአእምሮዬ ቢወስድብኝ እንኳ፣ ያቺ ጠብታ ስትወጣ ማን እንደነበርሽ አውቃለሁ።

ልጅሽ
ሰብለ